የሞተውን ብቻ አትቁጠሩ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ጋዜጣችሁን ባገኘሁ ቁጥር አነባለሁ። ስለ ድሮን ጥቃት የምትጽፉትንም አነባለሁ። አጻጻፉ ሁሌ አንድ ነው። በዚህ ወረዳ፣ በዚህ ቀን፣ ይህን ያህል ሰው ሞተ፣ ይህን ያህል ቆሰለ፤ የዓይን እማኞች እንዲህ አሉ፣ የሚመለከተው አካል ስልክ አላነሳም። አለቀ። ሟች መቆጠር አለበት፣ በዚህ ክርክር የለኝም። ግን እዚያው ቀበሌ ውስጥ ፍንጣሪ ያልነካው፣ ደም ያልፈሰሰው፣ ለዜና የማይበቃ ስንትና ስንት ሰው አለ። እሱስ ያን ሌሊት እንዴት አደረ? በማግስቱ ልጁን ትምህርት ቤት ላከ? ገበያ ወጣ? ለቅሶ ደረሰ? ይህን የሚጠይቅ ዘገባ እናንተ ጋ አላየሁም፣ ሌሎቹም ጋ ብዙ አላየሁም። የምጽፍላችሁ ለዚህ ነው።

ነዋሪነቴ አዳማ ነው። መምህርት ነኝ፣ የማስተምረውም ትንንሾቹን ነው። ከተማችን እግዚአብሔር ይመስገን ሰላም ነች። የአውሮፕላን ድምፅም ብርቃችን አይደለም፤ አየር ኃይሉ እዚሁ ቢሾፍቱ ስለሆነ ሲያልፍ ቀና ብለን እናያለን፣ ከዚያ ወደ ጉዳያችን። ድሮን ደግሞ ለአብዛኞቻችን የሠርግ ቪዲዮ ነው። ጥር ገብቶ በየሰፈሩ ድንኳን ሲተከል እሱም አብሮ ብቅ ይላል፣ ልጆች እየጮሁ እጃቸውን ያውለበልቡለታል። እዚሁ ከተማ ውስጥ ግን ከወለጋ፣ ከጎጃም፣ ከሰሜን ሸዋ፣ ከትግራይ መጥቶ በየግቢው የተከራየ፣ ዘመድ ጋ የተጠጋ ሰው አለ። ከእነሱ መሃል ያንን ድምፅ ሲሰማ ጉልበቱ የሚከዳው አለ። አብረነው ባጃጅ እንሳፈራለን፣ አብረነው ዳቦ እንሰለፋለን፣ አናውቅም።

እኛ ግቢ አንዲት እናት ከሁለት ልጆቿ ጋር ተከራይታለች። ከየት እንደመጣች አልጽፍም። እንጀራ ጋግራ ነው የምታድረው። ቡና ሲፈላ እንጠራታለን፣ ትመጣለች፣ ሁሌ በሩ አጠገብ ትቀመጣለች። ሦስት አራት ሆነን ስንጫወት ደህና ናት፤ ትስቃለች፣ ቀልድ ታውቃለች፣ ጨዋታ አያልቅባትም። ሰው ሲጨመር ዝም ትላለች። ቤቱ ሞላ ሲል ፊቷ ይለዋወጣል፣ ሰበብ ፈልጋ ትነሳለች። ሊጡ ገነፈለ፣ ልጁ ጠራኝ፣ እንጨት ልገዛ ነው። ጎረቤቶች ኩራት አደረጉት፣ አንዳንዶቹ መጥራቱን ተዉት። አንድ ቀን ሁለታችን ብቻ ስንሆን ጠየቅኳት። ስኒውን አስቀምጣ "ቲቸር፣ እኛ አገር እኮ ሰው ከተሰበሰበ ይመታል" አለችኝ። ሌላ ነገር አልጨመረችም። ሁለተኛውን ቡና ቀዳሁላት።

እስቲ ይህን ነገር ቆም ብላችሁ አስቡት። እኛ አገር ኑሮ ራሱ መሰብሰብ ነው። ሰው ሲሞት ድንኳን፣ ሲጋባ ድንኳን፣ እህል ሲደርስ ደቦ፣ እሑድ ሰንበቴ፣ ሰው ሲጣላ ሽማግሌ ከዛፍ ሥር፣ በሳምንት አንዴ ገበያ። ሐዘን የሚወጣልን ሰው ከቦን ስናለቅስ ነው። ድንጋጤ የሚለቀን ያየነውን ለጎረቤት አሥር ጊዜ ስናወራው ነው። ድሮን ያለበት አገር ሰው የተቀማው ይህንን ነው። ሐዘኑን ያመጣበት ነገር ማልቀሻውንም ወሰደበት። እኔ ለመናገር የፈለግሁት ዋናው ነገር ይሄ ነው፤ ከዚህ በኋላ ያለው ሁሉ ማስረጃው ነው።

ሴትዮዋ ደግሞ ከሜዳ ተነስታ አልፈራችም። በ2014 ዓ.ም. የገና ዕለት ሌሊት ትግራይ ደደቢት ላይ ተፈናቃዮች የተጠለሉበት ቦታ ተመትቶ ከ50 በላይ ሰው ሞቷል። ከቤቱ ሸሽቶ አንድ ላይ የተጠለለ ሰው ነው። የተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ መብቶች ቢሮ በ2016 ዓ.ም. ባወጣው መግለጫ ደግሞ አማራ ክልል ውስጥ ጥቅምት 26 ቀን አንድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት ተመትቶ 7 ሰዎች፣ ከእነሱም 3ቱ መምህራን፣ እንደተገደሉ፣ ከሦስት ቀን በኋላም አውቶብስ ተራ ላይ መኪና ይጠብቁ የነበሩ 13 ሰዎች እንደተገደሉ ገልጿል። መምህራኑን ሳነብ እጄ ነው የተንቀጠቀጠው። የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽንም በድሮን ጥቃት ስለተገደሉ ሲቪሎች በተለያየ ጊዜ ሪፖርት አውጥቷል። መንግሥት ዒላማዬ ታጣቂ ነው ይላል። የፖለቲካውን ክርክር ለሚችሉት ትቼዋለሁ። እኔ የማውቀው መጠለያ፣ ትምህርት ቤት፣ መናኸሪያ ሰው የሚሰበሰብባቸው ቦታዎች መሆናቸውን ነው።

በሌላውም አገር ያው ነው። እ.ኤ.አ. መጋቢት 2011 ፓኪስታን፣ ሰሜን ዋዚሪስታን ውስጥ ዳታ ኬል በሚባል ቦታ ሽማግሌዎች የማዕድን ማውጫ ጠብ ሊያስታርቁ ተቀምጠው ሳለ የአሜሪካ ድሮን መታቸው፤ በርካታ ሰው አለቀ። ለሽምግልና የተቀመጠ ሰው! በቀጣዩ ዓመት የስታንፎርድና የኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤቶች ከዚያ አካባቢ ሰዎች ጋር ተነጋግረው ያወጡት ጥናት ላይ የተጻፈውን ብታነቡ የእኛን ሰፈር ሴት ታገኟታላችሁ። ሰው ቀብር መሄድ ፈራ። ልጆቹን ከትምህርት ቤት አስቀረ። ሽማግሌ አንድ ላይ መቀመጥ ተወ። የተመታ ቤት ሲነድ እያየ ለመርዳት መሮጥ ፈራ፣ ምክንያቱም ደርሶ ሊያነሳ የመጣው በሁለተኛው ይመታል። ጎረቤታችን ሱዳን ውስጥ የሆነው ደግሞ ቅርብ ጊዜ ነው፤ እ.ኤ.አ. መስከረም 2025 ኤል ፋሸር ውስጥ የንጋት ሶላት ላይ የነበሩ ሰዎች መስጊዳቸው ውስጥ በድሮን ተመተው ከ70 በላይ ሞተዋል።

ከላይ ሆኖ በካሜራ ለሚያይ ሰው ለቅሶና የጦር ስብሰባ ይመሳሰላል። ነጠላ ያጣፋ ከነጠላው በቀር ምን እንደያዘ አይታይም። ዱላ የያዘ እረኛም ጠብመንጃ የያዘ ሊመስል ይችላል። ከታች ያለው ሰው ይህን ያውቃል። ስለዚህ ቀኑን ሙሉ ራሱን ከላይ ሆኖ እንደሚያየው ሰው እያየ ይውላል። እንዲህ ብሄድ ምን እመስላለሁ? አራት ሆነን ብንቆም ምን ይሉናል? እህል ጭኜ በሌሊት ብነሳስ? ይህ ራሱ በሽታ ነው፣ ቦምብ ባይወድቅም።

አንዳንድ ሰው "እኛ የሚግ ዘመን አሳልፈናል፣ ይሄ ምን አዲስ ነገር አለው" ይላል። የአውሮፕላን ድብደባ እኛ አገር አዲስ እንዳልሆነ አውቃለሁ። አያቶቻችን በጣሊያን ጊዜ ከአውሮፕላን የመርዝ ጋዝ ወርዶባቸዋል። ሰኔ 15 ቀን 1980 ዓ.ም. ሐውዜን በገበያ ቀን ነው የተደበደበችው። ግንቦት 28 ቀን 1990 ዓ.ም. መቀሌ ዓይደር ትምህርት ቤት ላይ በሻዕቢያ አውሮፕላን የሆነውን ማን ይረሳል። እነዚህን አቃልዬ አይደለም። ልዩነቱ ግን ይህ ነው፤ ሚግ ይመጣል፣ ይጥላል፣ ይሄዳል። ከሄደ ወጥተህ ሬሳህን ታነሳለህ፣ ታለቅሳለህ። ድሮን አይሄድም። በእኛ አገር ጦርነት ስሙ በብዛት የሚነሳው የቱርኩ ባይራክታር ቲቢ2 እስከ 27 ሰዓት አየር ላይ መቆየት ይችላል። አንድ ቀን ከነሌሊቱ አልፎ ማለት ነው። ሞተሩ ትንሽ ነው፣ ከሩቅ ሲሰማ እንደ ሰፈር ወፍጮ ያጓራል፣ አንዴ ቀረብ አንዴ ራቅ እያለ። አንዳንዴ ጭራሽ አይሰማም። ሲሰማ ትፈራለህ፣ ሳይሰማ ደግሞ "የለም ወይስ ከፍ ብሎ ነው?" እያልክ ትፈራለህ።

እ.ኤ.አ. በ1944 ጀርመኖች ለንደን ላይ ይለቁት የነበረው ቪ1 የሚባል በራሪ ቦምብ ነበር። እሱም ያለ አብራሪ ነበር። ሰዉ ዘዴውን ቶሎ ለመደ፤ ሞተሩ እስከጮኸ ድረስ እያለፈ ነው፣ ድምፁ ከተቋረጠ ሊወድቅ ነውና ተደበቅ። አስፈሪ ነው፣ ግን ቢያንስ ሕግ አለው። የዛሬው ሕግ የለውም። መቼ እንደሚመታ፣ ማንን እንደሚመታ፣ ምን ብታደርግ እንደምትተርፍ አታውቅም። የሰው ልጅ አደጋን ይችላል፤ የማይችለው ምንም ማድረግ አለመቻልን ነው። ሰውነት ለመሮጥ ይዘጋጃል፣ ልብ ይመታል፣ ጡንቻ ይወጠራል፣ ግን ወዴት ይሮጣል? ሮጦ የታየም ተጠርጣሪ ነው። እንደተወጠረ ያድራል። ይህ ሲደጋገም እንቅልፍ ይጠፋል፣ በር ሲዘጋ መዝለል ይመጣል፣ ቁጣ ይመጣል፣ ምግብ አይወርድም፣ ልጆች ካቆሙ በኋላ ተመልሰው አልጋ ላይ መሽናት ይጀምራሉ። የሕክምና ሰዎች ከአደጋ በኋላ ስለሚመጣ ጭንቀት ያወራሉ። እዚያ ያሉት ግን "በኋላ" ላይ ገና አልደረሱም።

ዩክሬን ኬርሶን ውስጥ ደግሞ ሌላ መልክ ይዞ መጥቷል። በመነጽር እያዩ የሚያበሩት ትንሽ ድሮን አንዲትን ሴት ከሱቅ ስትወጣ፣ አንድን ሰው በብስክሌት ሲሄድ እየተከተለ ይመታል። እ.ኤ.አ. ግንቦት 2025 የተባበሩት መንግሥታት መርማሪ ኮሚሽን በዚያ አካባቢ የሩሲያ ኃይሎች በድሮን ሲቪሎችን መግደላቸው በሰብዓዊነት ላይ የተፈጸመ ወንጀል ነው ብሏል። ሰዎች በየመንገዱ ላይ መረብ ዘርግተው ነው ከሥሩ የሚያልፉት። ይህ ዓይነቱ ጥቃት እዚያ ብቻ ይቀራል ብሎ የሚያስብ ካለ የድሮንን ዋጋ ይጠይቅ፤ በየዓመቱ እየረከሰ ነው።

ስለ ሰማዩ ደግሞ አንድ ነገር ልበል። የአንድ ፓኪስታናዊ ልጅ ታሪክ ከሰማሁ ወዲህ ከአእምሮዬ አልወጣም። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 2012 አያቱ ማሳ ላይ ባሚያ ስትለቅም ድሮን ገደላት፣ እሱም ቆሰለ። በዓመቱ በ13 ዓመቱ ዋሽንግተን ሄዶ ለአሜሪካ ምክር ቤት አባላት ተናገረ። ከእንግዲህ ሰማያዊ ሰማይ አልወድም፣ ደመናውን እመርጣለሁ፣ ደመና ሲሆን ድሮን አይበርም አለ። እኛ ክረምቱ ወጥቶ መስከረም ሲጠባና ሰማዩ ጥርት ሲል ነው ደስ የሚለን። ለልጆቼ አዲስ ዓመትን የማስተምረው በዚያ ሰማይና በአደይ አበባ ነው። ይህን ትምህርት ሳስተምር አሁን አሁን ክፍሉ ውስጥ ማን እንዳለ አስባለሁ።

የሴትዮዋ ትልቁ ልጅ እኔ የማስተምርበት ትምህርት ቤት ነው። ጎበዝ ነው፣ ሒሳብ ይወዳል። ግን ጠዋት ጠዋት ያረፍድ ነበር። ሁሌም ሰልፉ ካለቀ፣ ባንዲራ ከተሰቀለ በኋላ ነው የሚገባው። ያረፈደ ልጅ ግቢ ያጸዳል፣ ደንቡ ነው፣ እሱም ወረቀት ይለቅማል። ሳይከፋው ይለቅማል። እናቱ ደግሞ ከቤት በጊዜ ነው የምታስወጣው። ታዲያ የት ይቆያል? ከአጥሩ ውጭ፣ የሱቁ ቆርቆሮ ሥር። ያ ሁሉ ልጅ ሜዳ ላይ በመስመር ተሰልፎ ቆሞ፣ ከላይ ምንም ሳይኖር፣ እሱ እዚያ መሃል መቆም አልቻለም። ቅጣቱን መርጦ ነው። ለርእሰ መምህሩ ነገርኩ፣ እሳቸውም ሰው ናቸው፣ አሁን በረንዳው ላይ ከክፍል አለቆቹ ጋር ቆሞ መዝሙሩን ይዘምራል። ከዚያ ወዲህ አርፍዶ አያውቅም። ገንዘብ አልፈጀም፣ ባለሙያ አልጠየቀም። አንድ ሰው "ለምን?" ብሎ መጠየቅ ብቻ ነበረበት። በየትምህርት ቤቱ ወረቀት የሚለቅሙት ስንት እንዲህ ዓይነት ልጆች ይሆኑ?

ባለፈው ጥር ጎረቤት ሠርግ ነበር። ሙሽሮቹ ሲገቡ ካሜራማኑ ድሮኑን አስነሳ። እልልታው፣ ጭብጨባው፣ ሙዚቃው ሁሉ እያለ እሷ ያንን ቀጭን ድምፅ ለይታ ሰማችው። ሁለቱን ልጆች በክንዳቸው ይዛ ከድንኳኑ ወጣች። ቤቷ ስገባ ትንሹን ልጅ ከአልጋው ሥር አስገብታ እሷ ፊት ለፊቱ መሬት ላይ ተቀምጣለች፣ በአዲስ ቀሚሷ። የሠርግ ነው አልኳት። "አውቃለሁ" አለችኝ። አውቃለሁ እያለች ትንቀጠቀጣለች። ይህን ነው ሰው እንዲረዳ የምፈልገው፤ ስላላወቀች አይደለም የፈራችው። ጭንቅላቷ አዳማ እንዳለች ያውቃል፣ ሰውነቷ ገና አልመጣም። "እርሺው፣ አልፏል" የሚባል ምክር እዚህ ላይ አይሠራም።

ካሜራማኑን በማግስቱ አገኘሁት። ደንግጦ ይቅርታ ሊጠይቃት መጣ፣ እሷ አልወጣችም፣ ትልቁ ልጅ ግን ወጣ። ድሮኑን ከቦርሳው አውጥቶ በርጩማ ላይ አስቀመጠለት። ልጁ አልነካውም። ዞሮ ዞሮ አየውና "ጋሼ፣ እኔን አይቶኛል?" አለው። ካሜራማኑ ስልኩ ላይ የድንኳኑን ቪዲዮ ከፍቶ አሳየው። እናቱ እጁን ይዛው ሲሮጡ፣ ከላይ፣ የጭንቅላቱ ፀጉር ብቻ ይታያል። ልጁ ትንሽ ዝም ብሎ "አጥፋው" አለ። ወዲያው አጠፋለት። ያ ወጣት አሁን ሰፈር ውስጥ ሊቀርፅ ሲሆን ቀድሞ ለባለቤቶቹ ይናገራል፣ እነሱም ለጎረቤት ይናገራሉ፣ በስንት ሰዓት እንደሚነሳ፣ ለስንት ደቂቃ እንደሚቆይ። የሚፈራ ሰው ያን ሰዓት ልጆቹን ይዞ ገበያ ይወጣል። የከተማችን ካሜራማኖች፣ የአዳራሽ ባለቤቶች፣ በዓል የምታዘጋጁ ሰዎች፣ ይህን ብታደርጉ ምን ይጎድልባችኋል?

ሕክምናውን በተመለከተ ንዴቴን አልደብቅም። ሴትዮዋ ራስ ምታትና እንቅልፍ ማጣት ብላ ጤና ጣቢያ ሄዳለች። የደም ግፊት ተለካች፣ ማስታገሻ ተሰጣት፣ "አታስቢ" ተባለች። ከየት እንደመጣች እንኳ የጠየቃት የለም። የአእምሮ ሐኪም ለአገሩ ሕዝብ እጅግ ጥቂት እንደሆነ አውቃለሁ፣ ሁሉም ሰው አዲስ አበባ አማኑኤል ሊሄድ አይችልም። ግን የዓለም ጤና ድርጅት የአእምሮ ጤናን በጤና ጣቢያ ደረጃ፣ በነርስና በጤና መኮንን እንዲሰጥ መመሪያ አውጥቶ እኛም አገር ሥልጠናው ከተጀመረ ቆይቷል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ደግሞ በየቤቱ ይገባሉ። ከጦርነት አካባቢ የመጣን ሰው እንቅልፉን፣ ልጆቹን፣ ድምፅ ሲሰማ የሚሆነውን መጠየቅ ከእነሱ አቅም በላይ አይደለም። የት መላክ እንዳለበት ማወቅም እንደዚሁ።

ከሐኪም በፊት ግን ሰው አለ። እኛ ግቢ ቡናው አሁን በሁለት ዙር ነው። ጠዋት ለሷ፣ ሦስት ሆነን፣ በሩ ገርበብ ብሎ። ማንም አላወጀውም፣ ሴቶቹ ራሳቸው አመጡት። ኩሩ ናት ሲሏት የነበሩትም አሉበት። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ አንድ አራተኛ ሰው ስትጨመር አልተነሳችም። ሥጋቷ ጠፋ ማለቴ አይደለም። ሰው የመሰብሰብ ልምዷ እንደገና በጥቂት በጥቂቱ ሊመለስላት ይችላል ለማለት ነው፣ እሱም በእጃችን ነው።

እንግዲህ ወደ እናንተ ልመለስ። ድሮን የወደቀበትን ቦታ በስልክ ስታገኙ ከሟች ቁጥር ቀጥሎ አንድ ተጨማሪ ጥያቄ ጠይቁ። ሰዉ ለሟቾቹ መቃብር ላይ ቆሞ ማልቀስ ቻለ? ገበያው በሳምንቱ ዋለ? ትምህርት ቤቱ ስንት ልጅ ተመለሰለት? እነዚህ ጥያቄዎች ለማንም ወገን አያደሉም፣ መልሳቸው ግን ጉዳቱን ከቁጥሩ በላይ ይነግራችኋል። የድሮኑን ዘገባ ለጦር ዘጋቢያችሁ ብቻ አትተዉት፣ የጤናና የትምህርት ገጻችሁም ይያዘው። አዳማ ድረስ ዘጋቢ የምትልኩ ከሆነ ለመናገር ፈቃደኛ የሆኑ ሰዎች አሉ፣ ጠይቄያቸዋለሁ። ሦስት ነገር ብቻ ይፈልጋሉ፤ ስማቸውና የመጡበት ቀዬ እንዳይጻፍ፣ ፎቶ እንዳይነሱ፣ አንድ ላይ ሰብስባችሁ ሳይሆን አንድ በአንድ እንድታናግሯቸው።

አንዲት መምህርት
ከአዳማ